«እሺ» ፈቃድ አይደለም፦ በጣና ዙሪያ ለጤና ጥናት ፈቃድ የመጠየቂያ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ስለ ጤና አገልግሎት ጥናት ለምትሠሩ ነው። ለማስተርስ ተማሪዎች፣ ለዳታ ሰብሳቢዎች፣ ለሱፐርቫይዘሮች። አዲስ መድኃኒት ስለሚሞክሩ አይደለም የማወራው። ሰው የጤና መድኅኑን ለምን አያድስም፣ እናቶች ለምን ቤት ይወልዳሉ፣ ጤና ጣቢያ ላይ መድኃኒት ለምን ይጠፋል ብላችሁ ቤት ለቤት ስለምትሄዱት ስለ እናንተ ነው።

ሥራው ሁልጊዜ የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው። ቅጹ ይነበባል። ሰውየው «እሺ» ይላል። አሻራ ይወሰዳል፣ ጥያቄው ይጀመራል። ማታ ሪፖርቱ ሲመጣ ከአርባ ሰው አርባውም ፈቅዷል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። እኔ እደነግጣለሁ። አንድ እንኳ እምቢ ያለ ሰው ከሌለ፣ እምቢ ማለት እንደሚቻል የሰማ የለም ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት አበላሽቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ቀበሌ አንዲት እናት ለአንድ ሰዓት ያህል የጠየቅኳቸውን ሁሉ መለሱልኝ። ቡና እየቆሉ ነበር የሚመልሱት። ስንጨርስ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ቀና ብለው፣ «ታዲያ ስንዴው መቼ ነው የሚመጣ?» አሉኝ። ቅጹ ላይ አሻራቸው አለ። «ቀጥተኛ ጥቅም አያገኙም» የሚለውም ተጽፏል፤ አንብቤላቸዋለሁ። እሳቸው ግን ለእርዳታ እየተመዘገቡ ነበር። ያን መጠይቅ መጣል ነበረብኝ። አልጣልኩትም፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከመውጣታችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ሊኖር የሚገባ

- ጥናቱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ የጸደቀበት ደብዳቤ፣ ኦሪጅናሉና ኮፒው
- በንግግር አማርኛ የተጻፈ የመረጃ ወረቀት፣ ለተሳታፊው የሚቀር ኮፒ ጭምር
- የአሻራ ቀለም፣ ማስታወሻ ደብተር፣ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ታብሌት
- በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ተረኛ ስልክ
- ከጥናቱ ውጭ ያለ፣ ቅሬታ የሚቀበል ሰው ስልክ
- ለጀልባና ለመመለሻ ጉዞ የተያዘ ገንዘብ

የመጨረሻው ለምን እዚህ እንደገባ ደረጃ 10 ላይ ይገባችኋል።

## ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ፈትኑት

ፕሮፖዛሉን ከማስገባታችሁ በፊት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሂዱ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «መልሱን ባመጣላችሁ ምን ታስተካክሉበታላችሁ?» መልስ ከሌለ ጥያቄውን ቀይሩ። የገበሬን ቀን ወስዶ መደርደሪያ ላይ የሚቀር ወረቀት ማምጣት በራሱ በደል ነው።

ቀጥሎ የመረጣችኋቸውን ቀበሌዎች በካርታ ላይ እዩ። ሁሉም ከባሕር ዳር ወረታ በሚወስደው አስፋልት ዳር ናቸው? እንግዲያው ያጠናችሁት መንገድ ያለውን ሰው ነው። ደቅ ደሴትን የመሰለ በጀልባ ብቻ የሚደረስበት ቦታ «ለሎጂስቲክስ አስቸጋሪ» ተብሎ ይዘለላል። ለጤና አገልግሎት የራቀው ግን እሱ ነው። የጀልባውን ወጪ በጀት ውስጥ አስገቡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ እንዳትቸገሩ ጉዞውን ማለዳ አድርጉት። እምቦጭ ዳርቻውን ሲሸፍን ጀልባ መጠጋት ያቅተዋል፤ አንድ ተጨማሪ ቀን ያዙ።

በሐይቁ ዳር የሚኖሩትን፣ ብዙ ጊዜ የሚገለሉትን የነገደ ወይጦ ሰዎችንም አትዝለሉ። ልታካትቷቸው ከወሰናችሁ ደግሞ መንገድ መሪያችሁ እንዴት እንደሚያናግራቸው አስቀድማችሁ አጣሩ። ሲያመናጭቅ ካያችሁ ሰውየውን ቀይሩ።

## ደረጃ 2፦ ደብዳቤዎቹን በቅደም ተከተል አውጡ

መጀመሪያ የሥነ ምግባር ፈቃድ። ዩኒቨርሲቲ ላይ ከሆናችሁ ከኮሌጁ ኮሚቴ፣ በክልል ደረጃ ከሆነ ባሕር ዳር ካለው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። ከዚያ የድጋፍ ደብዳቤው ወደ ዞን፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፤ ቀበሌ ላይ ቆማችሁ ወረዳ መደወል ግማሽ ቀን ይበላል።

ማስጠንቀቂያ። የድጋፍ ደብዳቤ መግቢያ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። ሊቀ መንበሩ ስለ ቀበሌው ሰው ሆኖ «ፈቅደናል» ሊል አይችልም። ሙሉ ቀበሌን እንደ አንድ ክፍል ወስደው ለሚሠሩ ጥናቶች በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የኦታዋ መግለጫም ይህንኑ ነው የሚለው። ደብዳቤውን በር ላይ አውጥታችሁ አታሳዩ። ማኅተም ያየ ሰው እምቢ አይልም።

## ደረጃ 3፦ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ሂዱና አዳምጡ

መጠይቅ ሳትይዙ ሂዱ። ከአገር ሽማግሌ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ከቄስ፣ ከጠላ ሻጭ ጋር ተቀመጡ። ሦስት ነገር እወቁ፦ ከእናንተ በፊት ማን መጥቶ ነበር? ምን ብሎ ሄደ? «ጥናት» ሲባል ሰው ምን ይመስለዋል?

በወላይታ ስለ ዝሆኔ በሽታ የዘረመል ጥናት የሠሩ ሰዎች ዋናውን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እንዲህ ያለ አጭር ዳሰሳ አድርገው የፈቃድ አጠያየቃቸውን በእሱ አስተካክለዋል። ከባድ ነገር አይደለም። ሁለት ቀንና ጥቂት ብር ነው።

እኔ በሄድኩባቸው አካባቢዎች ደጋግሜ የሰማሁት ሦስት ፍርሃት ነው፦ ግብር፣ የመሬት ልኬታ፣ ወጣት መቁጠር። በቆያችሁበት ቀበሌ የሰማችሁትን ፍርሃት በስሙ ጻፉት። ቀጣዩ ደረጃ ላይ ይጠቅማችኋል።

ቀኑንም ከዚያው ምረጡ። በ12፣ በ21፣ በ29 ገበሬው አያርስም፤ ቤቱ ታገኙታላችሁ። ግን ከቅዳሴ መልስ አትጠብቁት፤ እህል ይቅመስ። በአጨዳ ሰሞን ፈጽሞ አትሂዱ።

## ደረጃ 4፦ የመረጃ ወረቀቱን በሚነገር አማርኛ ጻፉ

አብዛኛው ቅጽ እንዲህ ይላል፦

«በዚህ ጥናት ላይ የሚኖርዎት ተሳትፎ ሙሉ በሙሉ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ሲሆን ባለመሳተፍዎ ምክንያት በሚያገኙት አገልግሎት ላይ የሚደርስ አንዳችም ተፅዕኖ አይኖርም።»

ይህን አንድ ገበሬ ፊት አንብቡት። ዐይኑን እዩ። ከ«ሙሉ በሙሉ» በኋላ ጠፍቷል። አሁን ይህን አንብቡ፦

«እምቢ ማለት ይችላሉ። እምቢ ቢሉ የመድኅን ደብተርዎ አይነካም። የድሃ ድሃ ተብለው የተመረጡ ከሆነም አይሰረዙም። ማን እሺ፣ ማን እምቢ እንዳለ ለቀበሌ አንናገርም። እኛ እርዳታ አንሰጥም፤ ለእርዳታም አንመዘግብም። ለግብር፣ ለመሬት አይደለም የመጣነው።»

ልዩነቱ ሁለተኛው ፍርሃቱን በስሙ መጥራቱ ነው። ስለ መድኅን ለሚጠይቅ ሰው የድሃ ድሃው ነገር እጅግ አስፈላጊ ነው። መዋጮ መክፈል የማይችሉት በቀበሌ ተመርጠው ነው የሚሸፈንላቸው። ስለዚህ እንዲህ የተመረጠች እናት ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለውም ብላ ብትናገር ከመዝገቡ የምትወጣ ይመስላታል። ፎገራ ይህ መድኅን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ሰው ሥርዓቱን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ፍርሃቱም ከዕውቀት የመጣ ነው።

እንዲህ ጻፉ፦

1. እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንድ ነገር ብቻ ይያዝ።
2. «ናሙና»፣ «ሬስፖንደንት» የሚሉትን ከቅጹም ከአፋችሁም አውጡ። በሰው ላይ ለሚሠራ የሕክምና ጥናት የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ እንኳ በ2024 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ሰውን «ተሳታፊ» ማለትን መርጧል።
3. ማን ገንዘብ እንደሰጠ ተናገሩ። ከውጭ ከሆነ ከውጭ ነው በሉ።
4. ቃል የማትገቡትን ጻፉ። «መንገድ አናሠራም፤ መድኃኒት አናመጣም።»
5. ሳታቆሙ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ ቁረጡት።

ኮሚቴው ቃሉን ካልወደደው። «ደረጃውን አልጠበቀም» ሊባል ይችላል። መደበኛውን ቅጽ አስቀምጡና የንግግሩን ጽሑፍ አባሪ አድርጋችሁ አጸድቁ። ሳይጸድቅ ግን አትጠቀሙበት።

## ደረጃ 5፦ ማን ነው በር ድረስ የሚወስዳችሁ?

ብዙ ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ቤቱን ታውቃለች፣ ውሻውንም ታውቃለች። ችግሩ እሷው ልጅ የምታስከትብ፣ የእርግዝና መከላከያ የምትሰጥ መሆኗ ነው። እሷ ቆማ እያየች ማን እምቢ ይላታል?

ስለዚህ፦ ታድርሳችሁ፣ ታስተዋውቃችሁ፣ ትሂድ። ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ። «እህቴ፣ ሰላም ካልን በኋላ እኛ ብቻ እንቀር፤ ደንቡ ነው» ብላችሁ ንገሯት። ካልነገራችኋት ያላመናችኋት ይመስላታል፤ ትቀየማለች፣ ልክም ናት።

ካልሄደች። ጥያቄ አትጀምሩ። ቡና ይጠጣ፣ ስለ ዝናብ ይወራ። ከዚያ «ቀጣዩን ቤት ቀድመሽ ንገሪልን» በሏት።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቃለ መጠይቅ አታድርጉ። ጤና ኬላም እንዲሁ። የግራር ጥላ ይበቃል።

## ደረጃ 6፦ ንግግሩ

ቁሙና ሰላም በሉ። ተቀመጡ እስክትባሉ ጠብቁ። ለትልቅ ሰው «አንቱ»፤ ከከተማ መጥታችሁ ወጣቷን እናት በሥራ ለምዳችሁ «አንቺ» አትበሉ። ታብሌቱ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ሰው ፊት የተደቀነ ታብሌት ምዝገባ ነው የሚመስለው።

የመረጃ ወረቀቱን በቃላችሁ ተናገሩ። ከዚያ ይህ ዋናው ነው፦ ገብቶዎታል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። እንዲህ ጠይቁ፦

«እናቴ፣ እኔ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ። ጎረቤትዎ ‹እነዚህ ለምን መጡ?› ቢልዎት ምን ይሉታል?»

«ለመድኅን ይጽፋሉ እለዋለሁ።»

«አንቱ እምቢ ቢሉኝስ ምን ይመጣል?»

«ምን ይመጣል፣ ይጽፉኛል እንጅ።»

እዚህ ላይ ቁሙ። «ይጽፉኛል» ማለት እምቢ ያለ ተብዬ ስሜ ይያዛል ማለት ነው። ዋናው ፍርሃት ወጣ። አሁን «አይ፣ አላስረዳሁም፤ ልድገመው» በሉ። ጥፋቱ የእናንተ ይሁን፤ «አልገባዎትም» አይባልም። ድገሙት። እንደገና ጠይቁ።

ሦስቱ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ወደ መጠይቁ አትግቡ፦ ለምን መጣን? እምቢ ቢሉ ምን ይሆናል? ከእኛ ምን ያገኛሉ? ሁለቴ ተደግሞም «ስንዴ» የሚለው መልስ ካልጠፋ፣ አመስግናችሁ ውጡ። ያ ሰው አልፈቀደም።

ፊርማ ወይም አሻራ መጨረሻ ላይ ነው። አሻራ ሲሆን ከእናንተ ቡድን ያልሆነ፣ ማንበብ የሚችል ምስክር ይፈርም፤ የስምንተኛ ክፍል ጎረቤት ሳይሆን አዋቂ ሰው። ኮሚቴው በቃል ፈቃድ ከፈቀደ እሱን ምረጡ። የጸጥታው ሁኔታ ባልረጋበት አካባቢ ስምና አሻራ ያለበት ወረቀት ይዞ መሄድ ለተሳታፊውም ለእናንተም አደጋ ነው።

ባል «እኔ ልወቅ» ካለ። ይወቅ። የጥናቱን ዓላማ ንገሩት። ማወቅ ሌላ፣ መፍቀድ ሌላ ነው። እሷን ለብቻዋ ጠይቁ። እሱ ፈቅዶ እሷ ካልፈለገች አልፈቀደችም። እሷ ፈልጋ እሱ ከተቆጣ ግን አትግፉ፤ እናንተ ማታ ባሕር ዳር ናችሁ፣ እሷ እዚያው ናት።

ከ18 በታች ሆና ያገባች ከገጠመቻችሁ። በር ላይ አትወስኑ። ማን እንደሚፈቅድላት ኮሚቴው አስቀድሞ ይወስን፤ ፕሮፖዛሉ ላይ ጻፉት።

## ደረጃ 7፦ እምቢታን መስማት

በእኛ አገር እንግዳን ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ነውር ነው። ሰው እምቢ የሚለው በሌላ ቃል ነው። እነዚህን እንደ እምቢታ ቁጠሩ፦

- «ነገ ብትመጡ አይሻልም?»
- «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የተማረ ጠይቁ።»
- «እናንተ ካላችሁ እሺ።»
- እያወራ ዐይኑ በር በሩን የሚያይ
- ለሁሉም ጥያቄ «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይመስገን» ብቻ የሚል

«ነገ» ካሉ በነገው አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሱ። ወረቀቱን ተዉላቸው። ልጃቸው ወይም የንስሐ አባታቸው አንብቦ ያማክራቸው። በማግስቱ ቤቱ ዝግ ከሆነ መልሱ እሱ ነው።

ሱፐርቫይዘሮች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ዳታ ሰብሳቢውን በተሞላ መጠይቅ ቁጥር አትክፈሉት። በቀን ክፈሉት። በቁጥር የሚከፈል ሰው እምቢታ አይሰማም፤ የራሱን እንጀራ ነው የሚሰማው። እምቢ ያሉትን ቁጥር ብቻ፣ ያለ ስም፣ በየቀኑ አስመዝግቡ።

## ደረጃ 8፦ የሰውን ጊዜ መካስ

ከገበሬ አንድ ሰዓት መውሰድ ከቀን ሥራው መውሰድ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲኦምስ (የሕክምና ሳይንስ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ ምክር ቤት) መመሪያ ተሳታፊ ያወጣው ወጪ እንዲመለስለት፣ ለጠፋበት ጊዜና ለድካሙም እንዲካስ ይላል። «እንዳይደለል» ብሎ ምንም አለመስጠት እኛ አበል እየበላን ሲሆን አያምርም። መጠኑን ከአካባቢው የቀን ሥራ ዋጋ ጋር አስተያይታችሁ ኮሚቴ አጸድቁ። ለሁሉም እኩል ይሁን። ገንዘብ ሐሜት የሚያመጣ ከሆነ ሳሙናና ጨው ይሁን። ጥያቄው መሃል ላይ ላቋረጠም ይሰጣል፤ ይህን ከመጀመሪያው ንገሩት።

## ደረጃ 9፦ የታመመ ሰው ካገኛችሁ

የሐይቁ ዳርቻ የወባ አገር ነው። እየጠየቃችሁ መደቡ ላይ ትኩሳት ያለው ሕፃን ተኝቶ ታያላችሁ። መጠይቁን ዝጉ። ተረኛውን ደውሉ። መኪና ካላችሁ አድርሱ። ጥናቱን «ያዛባል» የሚላችሁን አትስሙ።

ሰገራ ወስዳችሁ ቢልሃርዝያ የምትመረምሩ ከሆነ፣ ለተገኘበት ሰው የሚሰጥ ፕራዚኳንቴል ሳይዘጋጅ አትነሡ። ውጤት ነግሮ መድኃኒት ሳይሰጡ መሄድ ከምንም ይብሳል።

አንዲት ሴት ድብደባ ከነገረቻችሁ አትጻፉት፣ አታስታርቁ፣ ለቀበሌ አትናገሩ። ምን እንደምትፈልግ ጠይቋትና ያዘጋጃችሁትን ስልክ በቃል ንገሯት። ወረቀት አትስጧት፤ ይገኝባታል።

## ደረጃ 10፦ መረጃውን መጠበቅና መመለስ

1. ስሙን ከመልሱ ለዩ። ቁጥሩና ስሙ ያለበት ዝርዝር ሌላ ቦታ ይቆለፍ።
2. የቅጽ ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ አትላኩ። ሁሉም ያደርገዋል፤ ሁሉም ማቆም አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አሁን ሕግ ነው።
3. ድምፅ ከተቀዳ ወደ ጽሑፍ እንደተገለበጠ አጥፉት።
4. የጤና ባለሙያ ንግግር ስትጠቅሱ ተጠንቀቁ። «የ34 ዓመት አዋላጅ ነርስ፣ የደሴቱ ጤና ጣቢያ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ስሟን ጻፋችሁ ማለት ነው። እዚያ ያለችው አንድ አዋላጅ ናት። «የጤና ባለሙያ» ብቻ በሉ፤ ዕድሜውንም ቦታውንም ተዉት።

ወረዳው «እንዲህ ያለው ማን ነው?» ቢላችሁ። መልሱ «አልናገርም» ነው። ይህ እንደሚመጣ አውቃችሁ በደብዳቤ ደረጃ ላይ አስቀድማችሁ አስፈርሟቸው።

መመለሱን በሦስት ወር ውስጥ አድርጉት። መመረቂያ ጽሑፉ እስኪያልቅ አትጠብቁ። አንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ያገኛችሁትን አምስት ነገር። መጀመሪያ ለወረዳው፣ ከዚያ ለጤና ጣቢያው ሠራተኞች፣ ከዚያ ለሰው። ሠራተኞቹ ስለ ራሳቸው የተባለውን ከሰው ጋር አብረው እንዲሰሙ አታድርጉ፤ ያፍራሉ፣ ቀጣዩን አጥኚ አያስገቡም።

ለሕዝቡ ስትናገሩ መላውን ቀበሌ ጥሩ። የተጠየቁትን ብቻ ከጠራችሁ ማን እንደተናገረ አሳወቃችሁ። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊሆን ይችላል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዳችሁ። ስም የሚጻፍበት አቴንዳንስ አታዙሩ። ተናገሩና «የተሳሳትነው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሉትን እዚያው ጻፉ። ሪፖርቱ ውስጥም ይግባ።

ገንዘቡ ካለቀ። ሁልጊዜ ያልቃል። ስለዚህ ነው ለመመለሻው ጀልባ የሚሆነውን ከመጀመሪያው ቀን ለይታችሁ በፖስታ እንድታሽጉት የምለው።